የቢላ ሠሪው የሕይወት ታሪክ፣ በታናሽ እህታቸው እንደገና የተጻፈ

ወንድማችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛ ልጅ ሲሆኑ፣ ከአራቱ ልጆች ዛሬ በሕይወት ያለችው ይህን የምትጽፈው የመጨረሻዋ ብቻ ናት። ትምህርታቸውን በተወለዱበት ሰፈር አጠናቀው በሃያ ዓመታቸው በአንድ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘን ተቀጠሩ፤ ሠላሳ አንድ ዓመትም አገለገሉ። የመጋዘኑ ነገር ይኸው ነው፤ አለቀ።

በአጭሩ ያለፍነው ያለ ምክንያት አይደለም። ልጆቻቸው ያዘጋጁት የመጀመሪያ ጽሑፍ ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ መጋዘን አውርቶ ሲያበቃ፣ ዕድሜ ልካቸውን ስለሠሩት ሥራ “በትርፍ ጊዜያቸው በልዩ ልዩ የእጅ ሥራ ይዝናኑ ነበር” ይላል። ይዝናኑ ነበር! የጣቱ ቆዳ እየተላጠ፣ ዓይኑ በብናኝ እየቀላ የሚዝናና ሰው የት አገር ነው ያለው? ስለዚህ ያ ወረቀት ተቀዶ ይኸኛው ተጽፏል።

ወንድማችን ቢላ ሠሪ ነበሩ።

በሃያ ስምንት ዓመታቸው ትዳር መሥርተው ሁለት ወንዶች ልጆች አፍርተዋል። ሥራውን የጀመሩት ባለቤታቸው ቲማቲም የሚጨፈልቅ እንጂ የማይቆርጥ አዲስ ቢላ ገዝተው በመጡ ቀን ነው። ወንድማችን ቢላውን በመስኮት ብርሃን አገላብጠው አዩት፤ ጎኑ ከላይ እስከ ታች እኩል ወፍራም ነበር። በሳምንቱ ከተበላሸ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሞተር ነቅለው ጣውላ ላይ አሰሩ፤ ክብ የመሞረጃ ድንጋይ ገጠሙለት፤ ከአሮጌ የበር ማጠፊያ ቢላውን ደግፎ የሚይዝ ነገር ሠሩ። ከጎኑ አንድ ባልዲ ውሃ አኖሩ። ፋብሪካቸው ይኸው ነበር፤ የሚገኘውም ልብስ በሚታጠብባት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው።

ከብረት የቆረጡትን ቢላ ከክቡ ድንጋይ ፊት አስጠግተው ከእጀታው እስከ ጫፉ አንዴ ይስባሉ፤ ውሃ ውስጥ ይነክራሉ፤ ገልብጠው ሌላውን ጎን ይስባሉ። ድንጋዩ ክብ በመሆኑ ሁለቱም ጎን ወደ ውስጥ ሰርጎድ ይላል፤ ስለቱም ይቀጥናል። ሲናገሩት ቀላል ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥራ ሰባት ቢላዎች አበላሽተዋል። ከነዚያ የአንዱን ቢላ አንድ ጎን ከሌላው አብልጠው ስለሞረዱት በዚያ ቢላ የተቆረጠ ዳቦ ሁሉ እየተጣመመ ይወጣ ነበር፤ ቤተሰቡም ሁለት ዓመት ጠማማ ዳቦ በልቷል። ጓንት አያደርጉም። ብረቱ ከመጠን በላይ ከጋለ ጥንካሬው ስለሚጠፋ፣ “ጣቴ ያልቻለውን ብረቱም አይችለውም” ይሉ ነበር። የሰፈራችን አደባባይ ሥጋ ሻጭ እዚህ ቀብሩ ላይ መካከላችን ቆሟል፤ የምንዋሽ ከሆነ ወጥቶ ይናገር። እሳቸው የሠሩለትን ቢላ ሃያ ሁለት ዓመት ይዞታል፤ ለወንድሙ እንኳ አያውስም።

ልጆቻቸው በጥሩ ትምህርት ቤት ተምረው፣ ተመርቀው፣ ትልቅ ቦታ ደርሰዋል፤ ደግ አደረጉ። ግን እንግዳ ሲመጣ የዚያችን ክፍል በር መዝጋት ጀመሩ። ባልደረቦቻቸው ድምፁ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁ “ልብስ እየታጠበ ነው” አሉ። ያጎረሰን እጅ መንከስ ከዚህ ሌላ ምን አለ? ወንድማችን ይህን በጆሯቸው ሰምተዋል፤ ሰምተውም ሞተሩን አጥፍተው እንግዳው እስኪሄድ ጠብቀዋል።

ባለፈው ዓመት ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሙ ብናኙ ነው አለ። አፍና አፍንጫቸውን በጨርቅ እንዲሸፍኑ እህታቸው ሃያ ዓመት ለፍልፋለች፤ እሳቸው ግን መነጽሬን ያደበዝዝብኛል ብለው እምቢ አሉ። በዚህስ እሳቸውንም ይቅር አላልናቸውም። እንዴት ያለ ግትር ሰው ነበሩ!

ሐኪም ቤት ተኝተው ሳሉ ልጆቹ አባባ ሲመለሱ ንጹሕ አየር ያግኙ ብለው ክፍሏን አጸዱ። ሞተሩን፣ ድንጋዩን፣ ገና አንድ ጎኑ ብቻ የተሞረደውን ቢላ ሳይቀር ለአሮጌ ብረት ሰብሳቢ ሰጡት። ክፋት አስበው እንዳልሆነ እናውቃለን። አንዴ እንኳ አለመጠየቃቸው ነው የሚያንገበግበው። ይህን የምትጽፈው እህታቸው ወደ ብረት ሰብሳቢው ሮጣ ስትደርስ ሞተሩ ተፈታትቶ ሽቦው ወጥቶ ነበር።

ሐኪም ቤት በጎበኘቻቸው ቁጥር ወንድማችን ሞተሩ አቧራ እንዳይገባበት ተሸፍኖ እንደሆነ ይጠይቋት ነበር። “ሸፍኜዋለሁ፣ ወንድም ዓለም” ትላቸዋለች። የቀረው ጎን እንዴት እንደሚሞረድ በደከመ ድምፅ አስረዷት፤ ሳትጫኚ ሳቢው፣ ቶሎ ቶሎ ውሃ ውስጥ ንከሪው አሏት። እሺ አለች። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በስድሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

ወንድማችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ይህችን እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ከልጆቹ ታላቁ አሁን በፊታችሁ ቆሞ የሚያነበው ነው። ወረቀቱን አስቀድሞ እንዳያየው የተደረገው ሆን ተብሎ ነው። አንብብ ልጄ፣ ድምፅህን አታጥፋ፤ ከኋላ ያሉትም ይስሙ።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ድካም በሌለበት ያሳርፍ፤ ለባለቤታቸው ብርታቱን ይስጥ። እህታቸውንም ይቅር ይበላት፤ ሞተሩ ተሸፍኖ የሚጠብቃቸው መስሏቸው ነው የሄዱት።