ታንከሩን መርምረው ጉድጓዴን ላዳኑልኝ ኃላፊ

ለተከበሩ ሚስተር ፕራት፣ የሄምሎክ ወረዳ የውሃ ደኅንነት ኃላፊ፤

ጌታዬ፣ እንዴት ሰንብተዋል? ሆድዎስ ደህና ነው? ቆዳዎስ? እኔማ ታንከሩ ከመጣ ወዲህ ገላዬን ማከኩን ትቻለሁ፣ እግዜር ይመስገን። ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ወዲህ ግን መቀመጥ አቅቶኛል፤ ይህንንም አንድ መስመር እየጻፍኩ፣ አንዴ እየተነሳሁ በመስኮት እያየሁ ነው የምጨርሰው። ዓርብ መጥተው ታንከሬን ሊወስዱብኝ ነዋ!

የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ ለጋዜጣም ልኬያለሁና፣ ለሚያነበው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጋዝ አውጪዎቹ ከኮረብታው ሥር ድንጋዩን በውሃና በኬሚካል መሰንጠቅ ከጀመሩ ወዲህ የጉድጓዴ ውሃ እንደ ነዳጅ ማደያ መሽተት ጀመረ። ኩባንያው ጓሮዬ የውሃ ታንከር አቁሞ ከቤቴ ቧንቧ ጋር አገናኘው። የልጅ ልጄ ኬሲ የሦስት ወር ሕፃን ይዛ እኔው ጋ ነች፤ የሕፃኑ የጣሳ ወተት የሚበጠበጠው በዚሁ ውሃ ነው። እንግዲህ እርስዎ «ጉድጓድዎ ንጹሕ ሆኖ ተገኝቷል፣ ታንከሩ አያስፈልግዎትም፤ ዓርብ የኩባንያው ሠራተኞች ያነሱታል» ብለው ጽፈውልኛል። ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ፦ ስለላኩት መርማሪ። እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ መሰልዎት! ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባና ከወጥ ቤቴ ቧንቧ ጠርሙሱን ሞላ። «ልጄ፣ ይሄ እኮ የታንከሩ ውሃ ነው፤ ጉድጓዱ ውጭ ነው» አልኩት። «እማማ፣ ፎርሙ ‹የወጥ ቤት ቧንቧ› ነው የሚለው» አለኝ። «ፎርሙ ይጠጣዋል ወይ?» ብዬ ብጠይቀው ስቆ ሄደ። እኔ ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት፤ እርስዎ ታንከሩን መርምረው ጉድጓዱን ሲያድኑ ግን ትምህርት ሰውን ምን ያህል እንደሚያራቅቅ ገባኝ።

፪ኛ፦ ስለ ጭነት መኪኖቹ። ባለፉ ቁጥር ሳህኖቼ መደርደሪያ ላይ ይጨፍራሉ። በዚህ ዕድሜዬ ጭፈራ አላጣሁም።

፫ኛ፦ ኮረብታው ላይ ሌሊቱን ሙሉ ስለሚነደው የጋዝ ችቦ። አውራ ዶሮዬ መቼ እንደሚነጋ ጠፍቶት ባገኘው ሰዓት ሁሉ ይጮሃል። ላሜ ደግሞ ከጅረቱ አልጠጣም ብላለች። ጎረቤቴ ሊላንድ «ቨርና፣ ላምሽን ለምን ኃላፊ አያደርጓትም? እሷ ቢያንስ አሽትታ ነው የምትወስነው» ብሎኛል። ስድብ ነው ብዬ ተቆጥቼዋለሁ፤ ላሚቱ ምን አጠፋች?

አራተኛም ነበረኝ፤ መኪና የመጣ መስሎኝ ተነስቼ ስመለስ ጠፋኝ።

ልመናዬ አንዲት ናት፤ ሰው ልከው ከራሱ ከጉድጓዱ አፍ ያስቀዱ። እስከዚያው የሟች ባሌን ትራክተር የግቢዬ መግቢያ ላይ ገትሬዋለሁ፤ ቁልፉን የት እንዳኖርኩት በእርጅና ምክንያት ረስቻለሁ። ዓርብ ለሚመጡት ልጆች ኬክ እጋግራለሁ፤ ታንከሩን ግን አይነኩም።

ወንበርዎ ይመችዎ፣ ማኅተምዎ አይድረቅ፤ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣

ቨርና ስቶከር
ሄምሎክ ወረዳ፣ ፔንሲልቫኒያ

ማስታወሻ፦ ኪያር በኮምጣጤ የማቆይበትን ጠርሙስ ከጉድጓዱ አፍ ሞልቼ ልኬልዎታለሁ። ንጹሕ ነው ብለዋልና ይጠጡት። አልጠጣም ካሉ ደግሞ ምክንያቱን ባንድ መስመር ጽፈው፣ ፈርመው ይላኩልኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ምርመራ አልጠይቅም።