ማንም የማይደርስበት በር

ሰኞ፣ ጁን 3

ከተማችን ፖርቶ አሌግሬ ውስጥ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አባዬ የማቴ ሻዩን እየመጠጠ የጨዋታው ዋሻ ውስጥ ገብቷል። ሥዕል የለው፣ ድምፅ የለው፣ ጽሑፍ ብቻ የሆነ የድሮ ጨዋታ... ኮምፒውተሩ ያነብለታል፣ እሱ ይተይባል። ዓይኑ ከጠፋ ወዲህ ሌላ ምን ጨዋታ አለው?

ዛሬም የመጨረሻው በር ላይ ቀረ። "ክፈት" ብሎ ይተይባል፣ ጨዋታው "በሩ አይከፈትም" ይለዋል። ዘጠነኛ ጊዜው።

"በቃ ጁሳራ። ከዓይኔ ቀጥሎ ጭንቅላቴም ሄደ። ሁለተኛ አልነካውም።"

አርባ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው! አንጀቴን በላው።

ማክሰኞ፣ ጁን 4

እውነትም አልነካውም። ቀኑን ሙሉ ተኛ።

ሐሙስ፣ ጁን 6

የጨዋታውን መመሪያ ከፍቼ አነበብኩ። ሠላሳ የድሮ ጨዋታ በአንድ ጥቅል። መጨረሻው ላይ "የታወቁ ስህተቶች" የሚል ዝርዝር... የነዚህ ጨዋታ ሠሪዎች ልማድ ደስ ሲል! ጉዳቸውን ራሳቸው ይዘረዝራሉ። እዚያ መሀል ምን አገኘሁ?

"የዋሻው የመጨረሻ በር አይከፈትም። እዚያ የሚደርስ ተጫዋች ስለሌለ አልተስተካከለም።"

የሚደርስ የለም?! ወይ ጉድ! የኔው አባት ወጥ ቤት ቁጭ ብሎ ዘጠኝ ጊዜ ደርሷል!

አነበብኩለት።

"እስቲ ድገሚው።"

ሦስቴ አስደገመኝ። "እነዚህ ሰነፎች!" ብሎ ሲስቅ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

እሁድ፣ ጁን 9

ጥቅሉን በነፃ ለምትጠግነው ለሴሌስቴ አባዬ በሩ ጋ መድረሱን ጽፌላት ነበር። አላመነችም። "አባትሽ የጨዋታውን ኮድ አይተው ይሆናላ..."

አባዬ ነደደው። "በይ ጻፊ! የት የት እንደታጠፍኩ ልንገራት።"

መቶ አርባ እርምጃ በቃሉ! አንድ አልሳተም። ጭንቅላቴ ሄደ ያለው ሰውዬ እኮ ነው... ኮራሁበት፣ በጣም ኮራሁበት።

ማታ መለሰች። "ጋሽ አርሊንዶን ይቅርታ በይልኝ። ሞከርኩት፣ እውነታቸውን ነው። አስተካክላለሁ።"

ቅዳሜ፣ ጁን 15

ማስተካከያው ደረሰ፣ ጫንኩት። አባዬ ከምሳ በኋላ ተቀመጠ። በሩ ጋ ደርሶ ተየበ፦ "ክፈት።"

"በሩ ተከፈተ። ከዋሻው ወጥተሃል።"

እልል አልኩ! ወንበር ገለበጥኩ!

"ኧረ ዝም በይ፣ ውጤቴን እየነገረኝ ነው!"

"ነጥብህ ከዜሮ በታች አርባ። ደረጃህ፦ ገና ጀማሪ።"

ከዚያ እሱ እስኪያስለው ሳቀ። "አየሽ? እዚህም የደረሰ የለማ!"

ለሴሌስቴ ልጽፍላት ስል ገፋ አደረገኝ። "ዞር በይ፣ ይሄን ራሴ ነው የምጽፈው።"

ማታ ላይ የስህተቶቹ ዝርዝር ላይ ወጣ። "ጨዋታውን የጨረሰ ተጫዋች ጀማሪ ይባላል። ያገኘው፦ አርሊንዶ፣ ጡረታ የወጣ ሾፌር። ሌሎቹን ጨዋታዎችም እየፈተሸ ነው።"