ካርዱ እምቢ ያለ ቀን

ለልጄ ለማዕረግ፣

የረገጥሽውን ሁሉ መድኃኔዓለም ይባርክልሽ። እኛ ደህና ነን። ካዛንቺስ ቤቱ እየፈረሰ ነው፤ የእኛ ሰፈር ገና አልተነካም። ስልክሽ አልነሳ ስላለኝ ይህን ወደ ሃምቡርግ በሚመጣው በጎረቤታችን በብርነሽ ልጅ እጅ ልኬልሻለሁ።

ማክሰኞ አባትሽን የዓይኑን ሞራ ሊያስወጣ ክሊኒክ ወሰድኩት። ለፋሲካ መጥተሽ የተውሽልንን የጀርመን ባንክ ካርድ ለገንዘብ ተቀባዩ ሰጠሁት፤ ማሽኑ ደጋግሞ መለሰው። አባትሽ ጋውን ለብሶ ተቀምጧል።

"የልጄ ካርድ ነው፤ ብሩ አልቆ ነው?" አልኩት ገንዘብ ተቀባዩን።

"የግድ አይደለም እናቴ። ካርድ ድንገት ሩቅ አገር ሲሠራ ባንኩ ሌባ አገኘው ብሎ ይዘጋዋል። ልጅዎ ደውላ ታስከፍተው" አለኝ።

አመስግኜው ወጣን፤ ልቤ ግን አላረፈም። ካርዱም ስልክሽም ባንድ ጊዜ እንዴት ዝም ይላሉ? በታክሲ ስንመለስ አባትሽ ስለ ዓይኑ አላነሳም፤ "ልጅቷ ምን ሆና ይሆን?" ብቻ አለኝ። ለጎረቤት "ሐኪሙ ቀጠሮውን አራዘመው" ይላል፣ ስምሽ እንዳይነሳ። ትናንት ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጭ አፈሰሰው፤ እንዳላየሁ ሆንኩ።

የባንኩ ጉዳይ ከሆነ ካርዱን የተጠቀምነው እኛ መሆናችንን ንገሪያቸው። ሥራሽን አጥተሽ ከሆነም ለእኔ ንገሪኝ፤ አልቆጣም፣ ለአባትሽም እኔ እነግረዋለሁ። ዓይኑ ይቆያል። አንቺ ብቻ ደውዪልኝ።

እመቤቴ ከክፉ ትሰውርሽ፤ የከበደሽን ታቅልልልሽ።

እናትሽ ቡዜ