«ጎረቤቱስ?» እያሉ የኖሩት መምህርት

ዛሬ የምንሸኛቸው መምህርት ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ ነርስ እናታቸው፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘው ከተሠሩ የኪራይ ቤቶች በአንዱ ተወለዱ። ለቤታቸው የበኩር ልጅ ነበሩ። ግድግዳው ስስ ስለነበር፣ በወዲያኛው ቤት የሚኖረው ሰዓት ሠሪ ሲያስነጥሰው እናታቸው ከዚህኛው ቤት ሆነው «ይማርህ!» ይሉት ነበር፤ እሱም «ያኑርሽ!» ብሎ በግድግዳው በኩል ይመልስላቸው ነበር። መምህርት ጉርብትናን የተማሩት በዚህ ግድግዳ ነው። የጉርብትናን መጨረሻም ያዩት በዚሁ ግድግዳ ነው።

ገና ትምህርት ቤት ሳይገቡ፣ አንድ ቀን መሸት ሲል የጭነት መኪና መጥቶ ከሰዓት ሠሪው በር ላይ ቆመ። ሰዓት ሠሪው ግድግዳውን ደበደበ። አባታቸው ከመቀመጫቸው ተነሡ፤ ተነሥተውም መብራት አጠፉ። የቀሩት ቤቶችም አንዱ ሌላውን እያየ አጠፋ። ሰዓት ሠሪው፣ ሚስቱና ልጆቹ ተጭነው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ ያያቸው የለም። ብዙም ሳይቆይ የሰዓት ሠሪው የጠረጴዛ መብራት፣ ያቺ ክንዷ የሚታጠፍ፣ በአባታቸው የስፌት መኪና ላይ ቆማ ተገኘች። ትንሿ ልጅ «የማን ናት?» ብለው ጠየቁ። አባታቸው «ዝም ብለሽ ክሩን አስገቢልኝ» አሏቸው። ልብስ ሰፊው እስኪያርፉ ድረስ በዚያች መብራት ሠሩ።

ይህ በቀብር ላይ የሚነበብ ነገር አይደለም ብለው እኔን ታናሽ ወንድማቸውን የመከሩኝ ዘመዶች አሉ። አባታችሁ ናቸው፣ ሙት አይወቀስም ብለውኛል። የሰዓት ሠሪውስ ቤተሰብ ሙት አይደለም ወይ? የእኛ ሙት ሲሆን ብቻ ነው አፋችንን የምንይዘው? የእህቴን ሕይወት ከዚያች መብራት ነጥሎ የሚተርክ ሰው ሌላ ሴት ነው የሚቀብረው።

መምህርት የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈሩ ትምህርት ቤት አጠናቅቀው ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ በታሪክ ትምህርትም በማዕረግ ተመረቁ። ናዚዎች በአውሮፓ አይሁዶችን ስለፈጁበት ስለ ሆሎኮስት በጥልቀት ያነበቡት በዚያን ጊዜ ነው። ስድስት ሚሊዮን ሰው መገደሉን አስቀድመውም ያውቁ ነበር። ከወንበራቸው ያስነሣቸው ግን ሌላ ነገር ነው፦ ተጭነው የተወሰዱት ሰዎች አልጋ፣ አንሶላ፣ የልጆች መጫወቻ ሳይቀር በገዛ ከተማቸው በይፋ ጨረታ መሸጡ፣ ገዢዎቹም የዚያው ከተማ ሰዎች መሆናቸው። የዚያን ዕለት ከቤተ መጻሕፍት ወጥተው በቀጥታ ወደ ቤት መጡና የስፌት መኪናው ላይ ያለችውን መብራት ነቀሏት። አባታቸው በማግስቱ መልሰው ሰኳት።

ከምረቃ በኋላ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የታሪክ መምህርት ሆነው ተቀጠሩ፤ እስከ መጨረሻው ዓመታቸው ድረስም ከዚያው ትምህርት ቤት አልወጡም። የማስተማሪያ መንገዳቸው የታወቀ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ከአንድ የአውሮፓ ከተማ አንድ የቤት ዕቃ ይመርጣል፤ ፒያኖ ሊሆን ይችላል፣ የሕፃን አልጋ ሊሆን ይችላል። የማን እንደነበረ፣ ማን እንዳነሣው፣ ማን ቤት እንደገባ፣ ባለቤቱ የት እንደደረሰ ከመዛግብትና ከምስክርነት ቃል ፈልጎ ያጠናል። በመጨረሻም የተጣሰውን መብት ከሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ላይ በአንቀጹ ያሳያል። ጥናቱ ከወር በላይ ይፈጃል። «ሕዝቡ ወሰደው» ብሎ ጽፎ የመጣ ተማሪ ወረቀቱ ይመለስበታል። «ሕዝብ እጅ የለውም። አልጋውን በአንድ በኩል ማን ያዘ? በሌላው በኩልስ?» ይሉታል። ስም ካልተገኘ ሥራው ይጻፍ፦ ዳቦ ጋጋሪው፣ ፖስተኛው፣ መምህሩ። ተማሪው ስለ ገዳዩ ተናግሮ፣ ስለ ሟቹ ተናግሮ ሲጨርስ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው «ጎረቤቱስ?» ይላሉ። በዚህ ምክንያት ነው ልጆቹ «እትዬ ጎረቤቱስ» የሚሏቸው።

አንድ ጊዜ አንድ ተማሪ ተቆጥቶ «እትዬ፣ ሰውየው ምን አጠፋ? ፒያኖውን በጨረታ ነው እኮ የገዛው!» አላቸው። «ጥሩ፤ ባለቤቱ የት ሄደ ብሎ ጠይቆ እንደሆነ ፈልግና ና» አሉት። ልጁ ከብዙ ቀን በኋላ አንገቱን ደፍቶ መጣ። «አልጠየቀም።» «ለምን?» «ስለሚያውቅ ነዋ!»

«የሩቅ አገር ሬሳ ለልጆቻችን ምን ያደርግላቸዋል?» የሚሉ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ። አንዳንዶቹ ዛሬ እዚህ ጥቁር ለብሰው ቆመዋል። እህቴ ለእነዚህ ሰዎች ክፉ ቃል ተናግረው አያውቁም። እኔ ግን እናገራለሁ፦ ሩቅ ነው ያላችሁት ከቤታችሁ በር ላይ ሲደርስ መንገድ የለቀቃችሁለት እናንተ ናችሁ።

መምህርት በሠላሳኛ ዓመታቸው ከአውቶቡስ ሹፌሩ ባለቤታቸው ጋር ተጋብተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል። ትዳራቸው ሳቅ የማይጠፋበት ነበር። አዲስ ተጋቢዎቹ ያገለገለ ዕቃ ሲገዙ ሙሽሪት ወንበሩን ገልብጠው «የማን ነበር? ለምን ሸጠው?» እያሉ ሻጩን ስለሚያፋጥጡ፣ ነጋዴዎቹ ከሩቅ ሲያዩአቸው «መጣች መርማሪዋ!» ይባባሉ ነበር። ቤታቸው ለረጅም ጊዜ ያለ ወንበር ቀረ። ባለቤታቸው «ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ስለምነዳ ማታ መቆሙ ለጤናዬ ነው» ይሉ ነበር። አባታቸው ሲያርፉ መብራቷን ወደ ቤታቸው ወስደው የሰዓት ሠሪውን ዘመዶች ማፈላለግ ጀመሩ። ያልጠየቁት ከተማ፣ ያላንኳኩት ቢሮ የለም። አላገኙም።

ካለፈው ዓመት ወዲህ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ግን ይነበብ። በመጀመሪያ የድምፅ ማጉያ የጫነው መኪና በየመንገዱ ዞረ። ከዚያ በታችኛው መንገድ የሚኖሩት ሰዎች በር ነጭ ቀለም ተቀባ። «ለቆጠራ ነው» ተባለ። ለቆጠራ ከሆነ የእኛ በር ለምን አልተቀባም ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከዚያ «ወደ ተሻለ ቦታ ይዛወራሉ» ተባለና የጭነት መኪኖቹ መጡ። የግማሻችሁን ፀጉር ሲቆርጥ የኖረው ፀጉር አስተካካይ ከነቤተሰቡ ተጫነ። ሱቁ በሳምንቱ ባዶ ነበር።

የወላጆች ቀን ደረሰ። ተማሪዎቹ ስለ አውሮፓ ያጠኑትን በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ እንዲለጥፉ ታዘው ነበር። ለጠፉም። ከአውሮፓው ቀጥሎ ግን መምህርታቸው ሳያውቁ ሌላ ረድፍ ለጥፈዋል፤ በዚያው ደንብ፣ በዚያው አጻጻፍ። «መስታወት። ባለቤት፦ ፀጉር አስተካካዩ። አሁን ያለበት፦ መድኃኒት ቤቱ መግቢያ።» «ቡናማ ሶፋ። ባለቤት፦ የፀጉር አስተካካዩ እናት። አሁን ያለበት፦ የርእሰ መምህሩ ሳሎን።» በእያንዳንዱ ሥር የተጣሰው አንቀጽ ተጽፏል። አንድ ወላጅ «ጉድ ነው፣ ሶፋውስ ያምራል!» ብሎ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። መምህርት ከዳር እስከ ዳር አነበቡ፤ አንዱ ወረቀት ተንጋዶ ነበርና አቃኑት።

ርእሰ መምህሩ እየሮጠ መጣ። «ይሄ ታሪክ ነው ወይስ ስም ማጥፋት?» ብሎ ጮኸ።

«ሶፋው ሲመለስ ታሪክ ይሆናል» አሉት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የልጆቹን ስም። መስታወቱን ያየው ማን ነው? ሳሎኑ ድረስ ገብታ ሶፋውን ያየችው ማን ናት? መምህርት ወረቀት ተቀብለው «ሁሉንም የሠራሁት እኔ ብቻዬን ነኝ» ብለው ፈረሙ። ዕድሜ ልካቸውን አንድ ሰው የሌላውን ሥራ እንዳይሸፍን ሲያስተምሩ ኖረው፣ ያን ቀን የልጆቹን ሥራ በራሳቸው ስም ሸፈኑ። ከክፍል ወጥተው የመማሪያ መጻሕፍት መጋዘን ጠባቂ ተደረጉ። መስኮት በሌለው በዚያ ክፍል፣ ቀድሞም ደካማ የነበረው ልባቸው እየከፋ ሄደ። ተማሪዎቹ መጽሐፍ የሚመልሱ እየመሰሉ ይመጡ ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ አንዱ መጽሐፍ አሥር ጊዜ ተመልሷል።

ሆስፒታል ከተኙ በኋላም አልተተዉም። አንድ ወጣት መርማሪ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ በትሕትና፣ «እማማ፣ ሶፋውን ያየችውን ልጅ ብቻ ይንገሩኝና ይረፉ» አላቸው።

«ልጄ፣ አንተ የማን ጎረቤት ነህ?» አሉት።

«እኔ የምኖረው በመንግሥት ሕንፃ ነው፤ ጎረቤት የለኝም» ብሎ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። ልጃቸው እጃቸውን ይዛ «እማዬ፣ አትናገሪ፣ ልብሽን አታድክሚ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ለመርማሪው አንድ ቃል አልመለሱም።

መምህርት በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ በስድሳ አንድ ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸውን፣ በነርስነት የምታገለግል አንዲት ልጃቸውን፣ ታናሽ ወንድማቸውንና ያስተማሯቸውን ሁሉ ትተው ሄደዋል። የጠረጴዛ መብራቷ ግን ከቅርሳቸው አትቆጠርም። የሰዓት ሠሪው ናት። ዘመድ ነኝ የሚል ይምጣና ይውሰዳት፤ እስከዚያ ድረስ ልጃቸው በመንገድ በኩል ባለው መስኮት ላይ በየማታው ታበራታለች።

ተማሪዎቹ ዛሬ መጥተዋል፤ ከፊት ቆመዋል። አትምጡ ብንላቸው አልሰሙንም። በመካነ መቃብሩ በር ላይ ደግሞ የገባውን ሰው ሁሉ ፎቶ የሚያነሣ ሰው ቆሟል። ስማቸውን የደበቀላቸው አፍ አሁን አፈር ሊለብስ ነው። ትናንት ጠዋት ከተማሪዎቹ የአንዷ ቤት በር ነጭ ቀለም ተቀብቶ አድሯል። የእነማን ጎረቤት እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ግማሻችሁ እዚህ ናችሁ።

ፈጣሪ የእህታችንን ነፍስ ከደጋጎች አጠገብ ያኑርልን። ለልጆቹም በራቸው ሲደበደብ መብራት የሚያበራ ጎረቤት ይስጣቸው።