ለሕያው የተሠራው ጋሪ፦ የአቶ ባንተአምላክ ዋሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ባንተአምላክ ዋሴ ከአባታቸው ከአቶ ዋሴ ተገኘና ከእናታቸው ከወይዘሮ ጠጄ አያልነህ በቀድሞው ጭልጋ አውራጃ፣ ከአይከል ወረድ ብላ በምትገኝ የገጠር ቀበሌ በ1951 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል በቄስ ትምህርት ቤት ቆጠሩ፣ ከዚያም አይከል እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። ከዚያ በላይ ዘመኑ አልፈቀደላቸውም። በ1970 ዓ.ም. ነፍሴ አውጪኝ ብለው መተማን አቋርጠው የሱዳኗ ጋላባት ገቡ፤ የሰሊጥ አጨዳ እየሠሩም ገዳሪፍ ደረሱ። ገዳሪፍን ያሰቧት ለአንድ ክረምት ነበር። ጉድ እኮ ነው፣ ዕድሜያቸውን በሙሉ ኖሩባት።

በ1974 ዓ.ም. የሎሪ ረዳት ሆነው ተቀጠሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ መንጃ ፈቃድ አውጥተው መሪ ጨበጡ። ባሱንዳ ማሽላ ሲታጨድ እዚያ ናቸው፤ ጋላባት ዕቃ ሲራገፍ እዚያ ናቸው፤ ኸሽም ኤል ቂርባም ድረስ ጭነት ያመላልሱ ነበር። ይህን የምንናገረው "መኪና ምን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው" እያላችሁ ስታሟቸው ለኖራችሁ ነው። መኪናን ከእናንተ ይልቅ እርሳቸው ያውቋታል።

በ1980 ዓ.ም. ከወይዘሮ መብርሂት ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻ ፈጽመው ናጽነትንና አንዳርጋቸውን ወለዱ። በ1992 ዓ.ም. ናጽነት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ በዚሁ በሰፈራችን መንገድ ላይ ወደ ኋላ የምትሄድ ቦክሲ እግሯን ሰበረቻት። ቦክሲ የምንላት ያችን ከኋላ ክፍት የሆነችውን ትንሽ የጭነት መኪና ነው። ነጂው ጎረቤት ነበር፤ መኪና ያስነሣውም ጥግ ላይ ካለው ሱቅ ስኳር ሊገዛ ነው። አቶ ባንተአምላክ ልጃቸውን አቅፈው ሐኪም ቤት ሲሮጡ አእምሯቸውን የበላቸው ይህ ስኳር ነበር። ናጽነት ዳነች፣ እርሳቸው ግን ወደ ሎሪው አልተመለሱም። የብስክሌት መጠገኛ ከፈቱ፤ የሰፈሩ ልጆችም በዐረብኛው "አቡ ዐጀላ" አሏቸው፣ የብስክሌት አባት ማለታቸው ነው። ስሙን ወደዱት።

የሰፈራችን መረዳጃ ማኅበር ክርስቲያን እስላም ሳይል ሐበሻውን ሁሉ ለማስታመምና ለመቅበር የተቋቋመ ነው። ይህም ማኅበር ቦክሲ ነበረችው። ገና ስትገዛ መጀመሪያ የጫነችው ሬሳ ሆነና ከዚያ ወዲህ በሽተኛ የሚገባባት ጠፋ። ትኩሳት ያንቀጠቀጠው ሰው ያችን መኪና ደጁ ላይ ሲያይ "ሞቴን ልትጠሩብኝ ነው?" ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኛን ለሚያውቅ አይገርምም። ስለዚህ ቦክሲዋ ሟች እስኪገኝ ዛፍ ሥር ተገትራ ትውላለች፣ ሕያው የሆነው ደግሞ ለእያንዳንዷ ጉዳይ ባለሦስት እግሯን ራክሻ ይጠራል። እግር ያለው ሰው መራመድ ነውር እስኪመስለው ድረስ መንደሩ ጭስና ጥሩምባ ሆነ።

አቶ ባንተአምላክ በ2013 ዓ.ም. የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነው ሲመረጡ ተነሥተው አንድ ነገር ተናገሩ፦ "ሟች አይቸኩልም። ሟቹን በትከሻችን እንሸከመዋለን፤ እስኪ ለሕያው ደግሞ አንድ ነገር እንሥራለት።" ቦክሲዋ ተሸጣ የጋራ ብስክሌቶች ይገዙ፣ በሽተኛና ወላድ የሚጫንበት ጥሩ ጋሪ ይሠራ፣ መንገዱም ለእግረኛ ይመቻች አሉ። ሳቁባቸው። "ከሎሪ ወርዶ አህያ ሊጋልብ ነው!" ተባለ። አብረው ሳቁና በሚቀጥለው ስብሰባ ያንኑ ደገሙት። ዓመት ሙሉ ደጋገሙት፤ አሰልቺ እስኪሆኑ ድረስ። በ2014 ዓ.ም. ማኅበሩ እጁን ሰጠ።

ያኔ የሆነውን ዛሬ ማስታወስ የማይፈልግ ሰው አለ፣ እኛ ግን እናስታውሰዋለን። በኾሩ ላይ፣ ያ ክረምት ክረምት የሚሞላው ወንዝ፣ ለእግረኛና ለጋሪ የሚሆን ድልድይ ተሠራ። ልጆች ትምህርት ቤት በሚሄዱበትና በሚመለሱበት ሰዓት መንገዱ በድንጋይ ይዘጋል፤ እናቶች በተራ እየመሩ ልጆቹን በእግር ያደርሳሉ። በመንገዱ ዳርና ዳር የኒም ዛፍ ተተከለ። አዋላጇ ነርስ ወይዘሮ ማሚቱ ብስክሌት ተሰጣቸው። ሴት ብስክሌት ላይ ወጣች ብሎ ያጉረመረመ ነበር፤ አቶ ባንተአምላክ ግን "ምጥ የያዛት ሴት አዋላጇ በምን መጣች ብላ አትጠይቅም" ብለው ዝም አሰኙት። ጋሪው ደግሞ የእጃቸው ሥራ ነበር፤ ከሥሩ የመኪና ሞላ ገባለት፣ ፍራሽ ተነጠፈበት፣ ሸራም ተዘረጋለት። አንድ ሕግ አወጡለት፦ በዚህ ጋሪ ሬሳ አይጫንም። ሰዋቸውን ያውቁ ነበራ!

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር ከኻርቱም የሸሸው ሕዝብ ገዳሪፍን ሞላት፤ በንዚን እንደ መድኃኒት የሚፈለግ ሆነ። የሳቀው ሁሉ ጋሪውን ሊለምን መጣ። አቶ ባንተአምላክ አልተመጻደቁበትም። እኛ ብንሆን ኖሮ እንመጻደቅ ነበር።

በዚያው ዓመት በሐምሌ፣ ወደ ሊቢያ ሊያልፍ መጥቶ የቀን ሥራ ይሠራ የነበረ ወጣት ከኾሩ ማዶ በኪራይ ቤት ሞተ። አገሩን እንኳ በቅጡ አልነገረንም። ዘመድ የለው፣ ወገን የለው። ኸሪፍ፣ የዝናቡ ወራት፣ ሲገባ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር እንኳን መኪና ጫማም አይለቅም፤ ዝናቡን ፈርቶ ለመሸከም የመጣውም ሰው እፍኝ አይሞላም ነበር። አስከሬኑ እስከ ከሰዓት ተቀመጠ። አቶ ባንተአምላክ ቢጨንቃቸው "እናት ያለው ልጅ ነው፤ እዚህ አይበሰብስም። ጫኑት" አሉ። የራሳቸውን ሕግ በራሳቸው አፍ አፈረሱ። ማታውኑ ጋሪውን በበረኪና አጠቡት፣ ፍራሹን ጥለው ሌላ አነጠፉ። ወሬው ግን ከበረኪናው ቀድሞ መንደሩን አዳርሶ ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነበበው እስከ ዛሬ ያልተነገረ ነው። በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ያዘዙት ባለጉዳይዋ ጎረቤታችን ወይዘሮ ሀዲያ ናቸው፤ እኛም ይቅር ብለን ለምነናቸው እምቢ ብለውናል።

በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የወይዘሮ ሀዲያ ልጅ ሲሃም ምጥ ያዛት። ባለቤቷ ኸይሩ ለንግድ ጋላባት ነበር። ወይዘሮ ማሚቱ በብስክሌት ደርሰው አዩአትና ሆስፒታል፣ አሁኑኑ አሉ። አቶ ባንተአምላክ በዚያ ዝናብ አህያውን ጠምደው ጋሪውን ከወይዘሮ ሀዲያ ደጅ አቆሙት። ወይዘሮ ሀዲያ በሩ ላይ ቆሙ። "ሬሳ በተኛበት ልጄን አላስተኛም!" አሉ። "ሀዲያ እህቴ፣ ፍራሹ አዲስ ነው፤ አጥቤዋለሁ" ቢሏቸው፣ "ወላሂ አላስተኛም! ራክሻ ይጥሩልኝ!" አሉ። ወይዘሮ ማሚቱ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አለቀሱ። እናት ደንግጣለች፣ የምትሰማው ነገር የለም። አቶ ባንተአምላክ በመጨረሻ ጋሪውን መለሱና ራክሻ ፍለጋ በጭቃው ሮጡ። ይህን ያዩት ሦስቱ ብቻ ናቸው፤ ዝናቡ ሌላውን ሰው ከየቤቱ ከቶት ነበር።

በንዚን ያለው ራክሻ በስንት ልመና ተገኘ። ከሰፈሩ ሳይወጣ ጭቃው ያዘው። ጎረቤት ተጠራርቶ ሲሃምን በአንገረብ አልጋ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት። ሕፃኗ በሕይወት ወጣች። የሲሃም ደም ግን አልቆመም።

ኸይሩ ከጋላባት ሲደርስ የሰማው፣ እናንተ ሁላችሁ የነገራችሁትን ነው፦ ራክሻ ጭቃ ያዘው፣ ማኅበሩ መኪና የለውም፣ የሸጡት ባንተአምላክ ናቸው። ለቅሶው ላይ ቆሞ፣ አንቱ ማለቱን ትቶ፣ "መኪናችንን ሸጠህ ሚስቴን ገደልክ!" አላቸው። ቀጥሎም "ሲሃምን ያዘገየ ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ ልጄን በዓይኑ አያያትም" ብሎ ማለ። አንፈርድበትም፤ ያን ቀን ልቡ በቦታው አልነበረም። አቶ ባንተአምላክ ቀና ብለው ወይዘሮ ሀዲያን አዩ። ወይዘሮ ሀዲያ የአንድ ቀን ሕፃን ታቅፈው አንገታቸውን ደፍተዋል። ያኔ አቶ ባንተአምላክ አፋቸውን ዘጉ፤ እስኪሞቱም አልከፈቱትም።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው አያኮራም። ከሊቀ መንበርነታቸው አወረድናቸው። የመንገዱ ድንጋይ ተነሣ፣ ራክሻውም ተመልሶ ልጆቹን እያሯሯጠ በመሀላቸው መብረር ጀመረ፤ ብስክሌቶቹ ዝገው አንዱም ተሰረቀ። ሰላምታቸውን የሚመልስ ታጣ። እስኪ እንጠይቅ፦ ያች ቦክሲ ባትሸጥስ ኖሮ? ሕያው ሰው ገብቶባት ያውቃል? ጥቁሩ ጭቃስ ቦክሲ ነሽ ብሎ ያሳልፋት ነበር? አንድ ሰው እንኳ ይህን አልጠየቀም። እርሳቸው ግን ጥፋት የለብኝም ብለው አያውቁም። "ሕጉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ፤ ያን ልጅ ሌላ መላ ልፈልግለት ይገባኝ ነበር" ይሉ ነበር፣ ይህም አንጀታቸውን በላው።

ወይዘሮ መብርሂት እውነቱን ያወቁት ከወይዘሮ ማሚቱ ነው። "ለምን አትናገርም? ስምህ እኮ ነው!" ብለው ቤቱን በጩኸት ሞሉት። አቶ ባንተአምላክ የመለሱላቸው ይህን ነበር፦ "እኔ ስም ባይኖረኝ እኖራለሁ። ሀዲያ ያችን ልጅ ከወሰዱባት አትኖርም።" ሁለቱን ሴቶች አስምለው ዝም አሰኟቸው። ሕፃኗም አማል ተብላ በአያቷ ጉያ አደገች፤ ኸይሩም ወር በገባ ቁጥር ከጋላባት እየመጣ ያያታል።

ጋሪውን አልጣሉትም። የሰፈሩ ሰው ሲሸሻቸው፣ ወሬያቸውን የማያውቁ ከኻርቱም የተፈናቀሉ በሽተኞችን ያመላልሱ ነበር። ገዳሪፍ ሆስፒታል በር ላይ የሚመርቃቸው እንግዳ ነበር፤ ቤታቸው በር ላይ ግን ፊቱን የሚያዞር ጎረቤት ይጠብቃቸዋል። ይህ እንዴት እንደሚያም እርሳቸው ብቻ ያውቁታል።

በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ልባቸው ደከመ፤ እግራቸው አብጦ መራመድ አቃታቸው። በየቤታችሁ በእርሳቸው የተረዳችሁ ስንት ሰዎች እያላችሁ ለጥየቃ የመጣችሁት ጥቂት ናችሁ። ወይዘሮ ሀዲያ ግን መጡ። አልጋው ሥር ተንበርክከው "አንቱ ሰው፣ በእኔ ምክንያት ነው" ሲሉ አቶ ባንተአምላክ እጃቸውን አነሡና ዝም እንዲሉ አመለከቷቸው። በመጨረሻ የተናገሩትም ስለ ራሳቸው አልነበረም፤ "አማልን ካያቷ እንዳይለዩአት" የሚል ነበር። ኅዳር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. ጠዋት በተወለዱ በስድሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ።

ሬሳው ሳይገነዝ ወይዘሮ ሀዲያ መጡና ይህ ሁሉ ተጽፎ በድንኳኑ ይነበብ አሉ። "እንዲህ ስማቸው ጠፍቶ ከሄዱ እኔም መኖር አልችልም። ኸይሩ ይስማ፤ የፈለገውን ያድርግ" አሉ። እኛ የሚያጡትን እናውቃለንና አትናገሩ አልናቸው። እርሳቸውም እያወቁ ነው የተናገሩት።

አቶ ባንተአምላክ ባለቤታቸውን ወይዘሮ መብርሂትን፣ ልጆቻቸውን ናጽነትንና አንዳርጋቸውን፣ እንዲሁም ይህን የጻፈውን የእህታቸውን ልጅ ሲሳይን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የደከመ ልባቸውን በሰላሙ ያሳርፍልን፤ በሥራቸው ያልመረቅናቸውን እኛን ደግሞ ይቅር ይበለን።

ኸይሩ፣ ከድንኳኑ በር አጠገብ ቆመህ ይህን እንደሰማህ እናያለን። ይህ ሰው ስሙን የሰጠው ያች ልጅ ከአያቷ እንዳትለይ ነው። ወይዘሮ ሀዲያ አማልን አዝለው ከሴቶቹ መሀል ቆመዋል፣ የምትለውን እየጠበቁ ነው።