ከአራተኛው መስኮት በላይ ስለተሰቀለው ማስታወቂያ

ለተሽከርካሪ ጭስ ምርመራና ስም ዝውውር ጽሕፈት ቤት ክቡር ኃላፊ፣

ክቡር ሆይ፤ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የሳንባዎን ጤና እየተመኘሁ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቢሮዎ ከመንገዱ ርቆ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ፣ መስኮቱም ሁልጊዜ ዝግ ስለሆነ፣ ምኞቴ እንደሚሰምር አልጠራጠርም። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ዚፑን ሦስት ጊዜ ከፍቼ ሳልዘጋ ለደንበኛ ቀሚስ አስረክቤ አላውቅም፤ ስለዚህ ሻጭ መኪናውን አስመርምሮ ያስረክብ የሚለውን ሕግዎን ሳነብ ያወጣው ሰው የሙያ ባልደረባዬ መስሎኝ ነበር። ቅሬታዎቼን በቁጥር አስቀምጫለሁ፤ ቁጥር እንደሚወዱ ከመስኮቶችዎ አይቻለሁና።

፩. ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ማንኛውም ግለሰብ ከሦስት ወር ያልበለጠ የጭስ ምርመራ ወረቀት የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት የሚገልጸው ማስታወቂያዎ፣ በቀይ ቀለም ተጽፎ ከአራተኛው መስኮት በላይ ተሰቅሏል። እኔና ሻጩ ከሥሩ ቆመን ሳለ ሠራተኛዎ የመታወቂያችንን ፎቶ ኮፒ ተቀብሎ፣ ተስማምታችኋል ወይ ብሎ ጠይቆ፣ ስሙን አዛወረልን። የምርመራውን ወረቀት ሳነሳበት በኋላ ይደርሳል አለኝ። ማስታወቂያውን ለማየት ቀና ማለት እንደሚያስፈልግ ይገባኛል፤ አንገቱን ላስቸግር በመሞከሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፪. ይህኛው ቅሬታ በራሴ ላይ ነው። ሻጩ በልጅነቴ ሒሳብ ያስተማሩኝ ጋሼ ናቸው፤ ወላጅ ያልፈረመበትን የቤት ሥራ ከነደብተሩ የሚመልሱ ሰው ነበሩ። የምርመራውን ወረቀት ስጠይቃቸው አዩኝና፣ «ልጄ፣ እኔን ነው የምትመረምሪው?» አሉኝ። ያኔ ዕድሜዬ ተመልሶ ዐሥር ዓመት ሆነ። ይሉኝታ ያዘኝና፣ መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ በሚል ወረቀት ላይ ፈረምኩላቸው። የመጀመሪያውን ዳገት ስንወጣ ከኋላችን ያለው መንገድ በጥቁር ጭስ ጠፋ። መካኒኩ ሞተሩ ዘይት መብላት ከጀመረ መቆየቱን ነገረኝ፤ ጋሼ ግን በእሳቸው እጅ ሳለች አንድም ቀን ጨሳ እንደማታውቅና ጥፋቱ ምናልባት የአነዳዴ ሊሆን እንደሚችል በትዕግሥት አስረዱኝ።

፫. በሳምንቱ ተቆጣጣሪዎችዎ ጭሷን አይተው መንገድ ላይ አስቁመው ታርጋዬን ፈቱ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ወደ እናንተ ብመጣ፣ አንደኛው መስኮት ማስመርመር የሻጭ ኃላፊነት ስለሆነ ሻጩን ይዤ እንድመጣ አዘዘኝ፤ ሁለተኛው ሊብሬው በስሜ ስለሆነ ሻጩን ከእንግዲህ አያገባቸውም አለኝ፤ አራተኛው ደግሞ ሳላስመረምር መግዛቴ ራሱ ጥፋት መሆኑን መከረኝ። ሦስተኛው መስኮት ዝግ ነበር፤ እስከ ዛሬ ከልቤ የማመሰግነውም እሱን ብቻ ነው።

፬. መኪናዋን ለሽርሽር አልገዛኋትም። አባቴ ዕድሜያቸውን በብየዳ ጭስ ውስጥ ያሳለፉ ሰው ናቸው፤ ሳንባቸው ስለደከመ በሳምንት ሁለት ቀን ለሕክምና ይሄዳሉ። አሁን መኪናዋ ደጃችን ላይ ቆማ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብን፣ እስከ አውቶቡስ ፌርማታ በእግራችን እንሄዳለን። አንዴ አናጺው በር ላይ፣ አንዴ መድኃኒት ቤቱ ደረጃ ላይ፣ አንዴ የመብራት ምሰሶውን ተደግፈው ያርፋሉ። ባለፈው ሐሙስ ምሰሶው ጋ ቆመን ሳለ አንድ መኪና ጭሱን ለቆብን አለፈ። አባቴ እስኪተነፍሱ ስጠብቅ ፈራሁ። ክቡር ሆይ፣ ይህቺን ብቻ ያለ ቀልድ ነው የምጽፍልዎ፤ በጣም ፈራሁ።

የምጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም። ሻጭ ሳያስመረምር ስም አይዛወር፤ ከተዛወረም ሻጩና ያዛወረው ሰው ይጠየቁ። ዝርዝሩን ከፈለጉ ከአራተኛው መስኮት በላይ ተጽፎ ያገኙታል።

ስለ ቀዩ ቀለምዎ ውበት ያለኝን አድናቆት እየገለጽኩ፣ በሁሉም ክፍት መስኮቶችዎ ተስተናግዳ በመጣችበት እግሯ የተመለሰች፣ ሊብሬ ያላት ታርጋ የሌላት፣

ታዛዥዎ ልብስ ሰፊዋ

የተረሳ ነገር፦ ግራ ቢገባኝ መኪናዋን ልሸጥ አስቤ፣ አሁን ሻጭ ነኝና አስቀድሜ ላስመርምር ብዬ ሰኞ ዕለት መጥቼ ነበር። ሊሸጥ ሲል ለምርመራ የመጣ ሰው አይተው ስለማያውቁ የምሞላው ቅጽ ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ያ የአራተኛው መስኮት ሠራተኛዎ ስልክ ደውሎ፣ ምርመራውን እንድተወውና ወረቀት የማይጠይቅ ገዢ እንደሚያገኝልኝ በደግነት ነገረኝ። ስልኬ ድምፁ ጎላ ያለ ነውና አባቴ ሰሙ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ያም ገዢ አባት ይኖረው ይሆናል፤ አትሽጪ» አሉኝ። ስለዚህ መኪናዋ አልተሸጠችም፤ አባቴም ነገ ጠዋት ምሰሶው ጋ ናቸው። በዚያ በኩል የሚያልፉ ከሆነ የመኪናዎን መስኮት እንዲዘጉ በአክብሮት አሳስባለሁ።