ራሱ የሄደው በሬ

ለምወድሽ ልጄ፤

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። አሁንም ቀንበር እጠርባለሁ፣ ክር በመርፌ ያለ መነጽር አስገባለሁ፤ ይኸው በመሠረተ ትምህርት በያዝኋት ፊደል ማንንም ሳላስቸግር እጽፍልሻለሁ። አንቺስ እንደምን ሰነበትሽ? ጉንፋኑ ተወሽ? የባሕር ዳር ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? እኔና በሬዬ ቦራ ደህና ነን፤ ገብሱም አሽቷል።

በስልክ ያልሽኝን ሳወጣ ሳወርድ ሰነበትሁ። የገበሬውን ምርት በኢንተርኔት በምታሳዪበት ገጽ ላይ ኩንታሉን በኪሎ ልትመነዝሪ ስትዪ፣ የቁጥሩን ግልባጭ መስጠት ሲገባሽ ራሱን ሰጥተሽ፣ የሁሉም ምርት መቶ እጥፍ ሆነ። አለቃሽ ተቆጣ። አንቺም «አባዬ፣ ሥራውን ትቼ ልምጣና እርስዎን ልጡር» አልሽ። ለጎረቤታችን ለወልደ ሰንበት ብነግረው «ምነው የእኔን ስምንት ኩንታል ስምንት መቶ አድርጋ ዝም ባለች» ብሎ ሳቀብኝ።

ያስረዳሽኝን አልረሳሁም። ፒኤችፒ ያልሽው የኮምፒውተር ቋንቋ አጥር አለው ብለሻል። በእኔ በረት ቦራ አለ፣ በወልደ ሰንበትም በረት ቦራ አለ፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም የእኔን ባስር የእሱ አይታሰርም። ቁጥሩም ለሌላ ሥራ ሲሰጥ የሚሄደው ግልባጩ ነው፤ ከስሙ ፊት ያችን «&» ያልሽኝን ምልክት ካደረጉበት ግን ራሱ ይሄዳል።

ይሄማ መቀናጆ ነው፤ በሬያችንን አጣምደን ተራ በተራ የምናርሰው። በእነ ወልደ ሰንበት ማሳ ቦራዬን «እንግዳው» ይሉታል። ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ እዚያ ጫንቃው ቢላጥ እዚህም የተላጠ ነው። አምና በቀኝ ሲጠምዱት ከረሙና ወደ እኔ ሲመለስ ግራውን እንቢ አለ። ታዲያ ሸጥሁት? እየለመንሁ፣ እየተቆጣሁም፣ ወደ ግራው መለስሁት።

አንቺም ያችን ምልክት አንሺ፣ ቁጥሩን ወደነበረበት መልሺ፣ ከዚያ አለቃሽን ቀና ብለሽ እዪው። ያበላሹትን ጥሎ መሸሽ ከእኛ ቤት አልወጣም፤ እናትሽም በአጸደ ነፍስ ሆና አትወደውም። ለእኔ ብለሽ አትምጪ፤ ጧሪ አልፈልግም። ለገና ግን ፎቶሽን አትላኪልኝ፣ ራስሽ ነይ።

እጅሽ የነካው ይቃናልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ።

ስትመጪ ከሰው አፍ እንዳትሰሚው፣ የሰው ዕዳ አለብኝ። ወልደ ሰንበት ዘንድሮ ሁለቱንም ማሳ አርሶ ዘርቶልኛል፤ በአጨዳ እመልስለታለሁ። ጎረቤታችን ታደለች ከሐምሌ ጀምሮ ውኃ ታመጣልኛለች፤ ለእሷ በርጩማ ጀምሬያለሁ፣ እግሩ ብቻ ቀርቶታል። ቄስ ተክለ ሃይማኖትም ጸበሉን እስከ ተኛሁበት መደብ ድረስ ይዘው ይመላለሳሉ፤ የእሳቸውን ዕዳ ቤተ ክርስቲያን ድረስ ወጥቼ፣ በእግሬ እመልሳለሁ። ከዕዳዬ አንዱንም እንዳትነኪብኝ።

አባትሽ